ከሐረጎ ቁልቁለት በፊት፦ የፈጣን መኪና ባለቤቶች ደጋግመው የሚሠሯቸው ስህተቶች

ፈጣን መኪና የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚነግረኝ በስንት ሰከንድ 100 እንደምትገባ ነው። በስንት ሜትር እንደምትቆም የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ኮምቦልቻ ውስጥ መካኒክ ነኝ። በሠርግና በበዓል ሰሞን ዝቅ ያሉ፣ ሰፊ ጎማ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከሩቅ የሚሰማ መኪኖች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ። ደሴ ወጥተው ያድራሉ። ሲመለሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዱና ጎማቸው ሥር ጭስ እያለ እኛ ደጅ ይቆማሉ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። መኪናውን የሚወድ ሰው ሲነግሩት ይሰማል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ በቃል የምደጋግመውን እዚህ ልጻፈው።

ቁልቁለቱን በፍሬን ብቻ መውረድ

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይሄን ያዙ።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ። እስቲ እናስላው። 600 ሜትር የሚወርድ መኪና የሚለቀው ጉልበት፣ ያንኑ መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 15 ጊዜ ያህል ለማቆም ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ነው። ትንሿን ቪትዝም ንዱ ስፖርት መኪናም፣ ሒሳቡ አይለወጥም። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው መንከባለል ይወስዱላችኋል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይሸከመዋል፣ ወይ ፍሬኑ።

ፍሬን ሩጫን ወደ ሙቀት ይቀይራል። ያንን ሙቀት ደግሞ ለአየሩ ማስረከብ አለበት። እግራችሁ ፔዳሉ ላይ ተለጥፎ ከወረደ ዲስኩ የሚቀዘቅዝበት ፋታ የለውም። መጀመሪያ የፍሬን ሸራው ይግልና መያዝ ይቀንሳል። እናንተም ጠንከር አድርጋችሁ ትረግጣላችሁ። ይብስ ይግላል። ቀጥሎ ሙቀቱ የፍሬን ዘይቱ ጋ ይደርሳል። ዘይቱ ከፈላ ውስጡ እንፋሎት ይፈጠራል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል። ያኔ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናው ግን ይሄዳል። «ፍሬን እምቢ አለኝ» ብለው ከሚነግሩን ውስጥ ብዙው ይሄ ነው። የሚያናድደኝ ደግሞ፣ ሲቀዘቅዝ ፍሬኑ መልሶ መያዙ ነው። ሰውየው ሞክሮ «ደህና ነው ባክህ» ይልና ሳያሳይ ይሄዳል። ዘይቱ ተበላሽቷል፣ ሸራው ተቃጥሎ እንደ መስታወት ለስልሷል፤ እሱ ግን ወደ ከሚሴ እየነዳ ነው።

«የኔ ፍሬን ትልቅ ነው» የሚለውን መልስ ሁሌ እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ትልቅ ዲስክ ብዙ ሙቀት ይችላል፤ ቶሎም ይቀዘቅዛል። ግን ባለ ፈጣን መኪናው ቀጥ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነዳጅ ይሰጣል፣ ኩርባው ሲመጣ ይረግጣል፣ ከኩርባው ሲወጣ እንደገና ይሰጣል። ትልቁ ዲስክ የሰጠውን ትርፍ በአምስት ኩርባ ይጨርሰዋል።

የቆዩ የመስመር ሾፌሮች ለረዳቶቻቸው «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» ይሏቸዋል። ጥሩ ደንብ ነው። ነገር ግን ደንቡ የወጣው ለደከመ ሞተር ነው። የዛሬ ጉልበታም መኪና ሐረጎን በአራተኛ ይወጣዋል፤ በአራተኛ ግን አይወረድም። ሦስተኛ ወይም ሁለተኛ አስገቡ፣ ሞተሩ ይጩህ። አይጎዳም። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተዉት፤ በእጅ ማርሽ የሚቀነስበት ቦታ አለው፣ ወይም ኤል የሚል ዝቅተኛ ማርሽ አለው፣ እሱን ተጠቀሙ። ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡ፣ በደንብ ቀንሱ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ልቀቁት። ማርሹን ደግሞ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ያዙ፤ ከገባችሁበት በኋላ አይደለም።

ሽታ ከመጣ፣ ወይም ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ከወረደ፣ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ቡና ጠጡ። ሠርጉ ይጠብቃል።

አልፎ ተርፎ ፔዳሉ ወለል ከነካ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ደጋግማችሁ ርገጡት፤ የተወሰነ ኃይል ሊመለስ ይችላል። ማርሹን አንድ በአንድ ቀንሱ። የእጅ ፍሬኑን ባንዴ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሳቡ። ቁልፍ የሚጫን ኤሌክትሪክ የእጅ ፍሬን ከሆነ ሳትለቁ ያዙት፣ ብዙዎቹ መኪኖች በዚያ ይቆማሉ። ሞተሩን አታጥፉ፣ መሪው ይከብዳችኋል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ወደ ተራራው ጎን ነው፣ ወደ ገደሉ አይደለም። መኪና ይጠገናል።

ማርሹን አውጥቶ፣ ፍሪ አድርጎ መውረድ

ነዳጅ ይቆጥባል የሚሉ ዛሬም አሉ። አይቆጥብም። ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድና እግራችሁ ከነዳጁ ላይ ሲነሳ ነዳጅ መርጨቱን ያቆማል። ፍሪ ላይ ግን እንዳይጠፋ ይረጫል።

የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ደሴ ላይ ጢም አድርጎ ሞልቶ መነሳት

ይሄ አዲስ ነው፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በዝቷል። አነሳሳቸው የስፖርት መኪና ነው፤ ክብደታቸው ግን ከእኩያቸው የነዳጅ መኪና ይበልጣል። ሲወርዱ ሞተሩ መልሶ ባትሪውን እየሞላ መኪናውን ይይዛል፤ ፍሬኑ ያርፋል። ባትሪው 100 ከሆነ ግን ያንን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። መያዙ ይቀንሳል ወይም ይጠፋል። ትናንት ያለ ፍሬን የወረደው ሰው ዛሬ መኪናው ሲሸሽበት ይደነግጣል። ደሴ ስታድሩ 80 ላይ አቁሙት። ከቀረው ጥቂቱን ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላላችኋል።

የፍሬን ዘይት መርሳት

የሞተር ዘይት የማይረሳ ሰው የፍሬን ዘይት መለወጡን አያስታውስም። ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ሲጠጣ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ዶት 3 ደግሞ ከ205 ወደ 140። ለረጅም ቁልቁለት ይሄ ልዩነት ሰፊ ነው። በየሁለት ዓመቱ ለውጡት። ዶት 5 የሚባለው ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፤ ስሙ ስለተቀራረበ አትሳሳቱ።

በዚያው፣ ከውጭ የውድድር ሸራ እያስመጣችሁ የምታስገጥሙ ልጆች፦ ያ ሸራ ካልጋለ በደንብ አይዝም። ጠዋት በደሴ ብርድ ፒያሳ ላይ አንድ ሕፃን ቢገባባችሁ የመጀመሪያው እርግጫ ባዶ ነው የሚሆነው። ለመንገድ የተሠራ ጥሩ ሸራ ይበቃችኋል።

ጎማን በመልኩ መግዛት

የጎማ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ አዲስ ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 ካለ በፈረንጆቹ 2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። 5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ አስመርምሩት። 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ቢያምርም አውልቁት። ከውጭ የሚገባው ያገለገለ ጎማ ተወልውሎ ያብረቀርቃል፤ ጎኑን ጠምዘዝ አድርጋችሁ ስታዩት ግን ጭረት ጭረት ያለ ስንጥቅ ይወጣል። አንድ ደንበኛችን እንዲህ ያለ አራት ጎማ በደስታ ገዝቶ መጣ። አየሁትና «መልስ» አልኩት። አልመለሰም። ከባቲ አልፎ ወደ ሚሌ ሲወርድ በቀትር አንዱ ፈነዳበት። መንገዱ ሜዳ ስለነበረ ተረፈ።

የስፖርት ጎማ ጎኑ አጭር ነው። 225/45 የሚል ጎማ ከቸርኬው እስከ መሬት 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው ያለው። የተለመደው የኮሮላ 195/65 ወደ 13 ይጠጋል። አጭሩን ጎማ ጉድጓድ ሲያገኘው ቸርኬውና ድንጋዩ መካከል ይጨፈለቃል። ውስጡ ያለው ክር ይበጠስና ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ያበጠ ጎማ አይጠገንም። ጎሚስታው «እለጥፍልሃለሁ» ቢልም እምቢ በሉ። የጎን ቀዳዳም እንዲሁ። የሚለጠፈው መሬት የሚነካው ክፍል ብቻ ነው።

ነፋስ ደግሞ በግምት አይሞላም። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት ማዕዘኑ ላይ ተለጥፏል። ጎሚስታዎቻችን «ለአስፋልት ጠንከር ይበል» ብለው 40 ይሞላሉ። ያኔ ጎማው መሃሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ ፍሬን ስትይዙ ይንሸራተታል። የጎደለው ደግሞ እየተጣጠፈ ይግላል፤ ቆላ ላይ የሚፈነዳው በብዛት እሱ ነው። የምትለኩት ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ነው። ሮጦ የጋለ ጎማ ነፋሱ ጨምሮ ስለሚታይ አታስተንፍሱት። ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርዱም በሄዳችሁበት አድራችሁ ጠዋት እንደገና ለኩ።

ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ ኋላ ይግቡ። ሁሉም ሰው ፊት ነው የሚያስገባው። ያረጀው ኋላ ከሆነ ዝናብ ላይ ጭራው ያመልጣል፣ መኪናው ይሽከረከራል። ፊቱ ቢንሸራተት ግን ቢያንስ ነዳጁን ስትለቁ መሪው መልሶ ይይዛል። በጎማው ጎን ቀስት ካለም ወደ ፊት በሚንከባለልበት አቅጣጫ ይግጠም። ተገልብጦ የተገጠመ በየሳምንቱ አያለሁ።

ኩርባ ውስጥ ገብቶ ፍሬን መያዝ

ፍሬኑ ቀጥታው ላይ ያልቃል። ከዚያ ትጠመዝዛላችሁ። ጎማ ያለው ጉልበት አንድ ነው፤ ለማቆምና ለመጠምዘዝ ባንዴ ስትጠይቁት ሁለቱንም አይሰጥም። የኋላ እግር የሚገፋ መኪና ከሆነ ደግሞ ኩርባው መሃል ነዳጁን ባንዴ መልቀቅ ራሱ ጭራውን ያወጣዋል።

ኤቢኤስ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይታሰር የሚያደርገው፣ ካላችሁ በድንጋጤ ጊዜ አታርገብግቡ። እስከ መጨረሻ ረግጣችሁ ያዙ፣ ፔዳሉ ከሥር ይንቀጠቀጣል፣ እናንተ መሪውን አዙሩ። ኮረኮንች ላይ ግን ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ሊያረዝመው ይችላል፤ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ሳትደርሱ አስቀድማችሁ ቀንሱ።

ከኋላ ያለውን መርሳት

የናንተ መኪና ቶሎ ይቆማል። ከኋላችሁ ከጅቡቲ የመጣ ባለ ተሳቢ ካለ እሱ አይቆምም። ሐረጎ ላይ አልፋችሁት ፊቱ ገብታችሁ ፍሬን የያዛችሁ ቀን ጥሩ ፍሬናችሁ ነው የሚያስበላችሁ። ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ ሲቀርባችሁ አሳልፉት። ጭስ እያወጣ ከመጣ ደግሞ መንገዱን ልቀቁለት።

ወልድያ–ቆቦ ሜዳ ላይ ገደብ መርሳት

ከተራራ ወጥቶ ቀጥ ያለ መንገድ ያየ ሁሉ ይረግጣል። በ100 ስትሮጡ «እ!» ብላችሁ ፍሬን እስክትነኩ አንዱ ሴኮንድ 28 ሜትር ይበላል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተያዘ በኋላ ያለው የመቆሚያ ርቀት አራት እጥፍ ነው። ከብት ይሻገራል፣ ግመል ይሻገራል። ዝቅ ያለ መኪና ግመልን የሚመታው እግሩን ነው፤ ገላው በመስታወቱ በኩል ወደ እናንተ ይመጣል። በሌሊት አትሞክሩት። ባቲ ላይም ሰኞ ገበያ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ መንገዱ የእንስሳት ነው።

ዝናብና ጉም

ከበጋ በኋላ የሚወርደው የመጀመሪያ ዝናብ ከክረምቱ ይብሳል፤ አቧራውና ዘይቱ ተቀላቅሎ መንገዱን ያሙለጨልጨዋል። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል። በጥርሶቹ መካከል ያለው የልክ ጉብታ 1.6 ሚሊ ሜትር ላይ ነው፤ ለክረምት ከ3 በታች ከሆነ ለውጡ። ጉም ውስጥ ረጅሙን መብራት አታብሩ።

ሞላ ማስቆረጥ

መኪናው ዝቅ እንዲል ሞላ የምታስቆርጡ፣ እባካችሁ ተዉት። ጎማው የጭቃ መከላከያውን እየፋቀ ይበላል፣ ፍሬን ስትይዙም መኪናው ይዘላል።

የጋለ ዲስክ ላይ ውሃ

ከሐረጎ እንደወረዳችሁ በቀጥታ መኪና አጣቢ ጋ አትግቡ። ቀዝቃዛ ውሃ የጋለ ዲስክ ሲያገኝ ዲስኩ ይጣመማል፣ አንዳንዴም ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ ፍሬን በያዛችሁ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ንዱ። ስትቆሙም የእጅ ፍሬኑን ወዲያው አትሳቡ፤ ማርሽ ውስጥ ተዉት፣ አውቶማቲክ ከሆነ ፒ ላይ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፉት።

ስኮርታ ሳያዩ መነሳት

ብዙ ስፖርት መኪና ስኮርታ የለውም። የኋላውን ዕቃ መጫኛ ወለል ስትከፍቱ የምታገኙት ትንሽ ጠርሙስ ማጣበቂያና የነፋስ መሙያ ነው። ለምስማር ቀዳዳ ይሠራል፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ምንም አያደርግም። ቀጭኑ ስኮርታ ካላችሁም ከ80 በላይ አይነዳም፤ ጎሚስታ ጋ ለመድረሻ ነው። ወደ ጋሸናና ላሊበላ የምትወጡ ከሆነ የናንተን ቁጥር ጎማ መንገድ ላይ አታገኙም። ሙሉ ስኮርታ፣ ክሪክና የቸርኬ ቁልፍ ከደሴ ይዛችሁ ውጡ። ቸርኬያችሁ የሌባ መከላከያ ብሎን ካለው የሱን መፍቻም አትርሱ፤ ያለሱ ጎሚስታውም ሊፈታው አይችልም።