መብራት ሲጠፋ ቤታችሁ እንዳይጨልም፦ ምን በምን እንደሚከማች እና የቤት ባትሪ እንዴት እንደሚገጠም

መብራት መጥፋት ያማረረው ሰው ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት አምፒር ባትሪ ይሻለኛል" ብሎ ነው፣ ሻጩም "200 ውሰድ በቃ፣ ይበቃሃል" ይለዋል፣ ከዛ ወይ አላስፈላጊ ብር ይወጣል ወይ ደግሞ ባትሪው በዓመቱ ይሞታል። ከዛ በፊት የሚቀድም ጥያቄ አለ፣ ቤት ውስጥ ካለው ነገር የግድ በኤሌክትሪክ መልክ መቀመጥ ያለበት የቱ ነው? ኤሌክትሪክ ማስቀመጥ ውድ ነው፣ ቅዝቃዜ፣ ሙቅ ውሃ፣ የተጋገረ እንጀራ ማስቀመጥ ግን ርካሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ስራ መግዛት ሳይሆን መሰረዝ ነው።

1ኛ፦ ባትሪ የማይገባቸውን አውጡ

ምጣድ ይውጣ። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ ይሄን ከ12 ቮልት ባትሪ ላውጣ ካላችሁ ወደ 290 አምፒር ይመጣል፣ መኪና ሲነሳ ለሁለት ሰከንድ የሚስበውን የሚጠጋ ከረንት እናንተ እንጀራው እስኪያልቅ ልትስቡት ነው ማለት ነው። ስቶቭ፣ ካውያ፣ የሻወር ማሞቂያም አብረው ይውጡ። መብራት ሲኖር ጋግሩ፣ ውሃ አፍልታችሁ ፔርሙዝ ውስጥ አስቀምጡ፣ ያም ጉልበት ማከማቸት ነው።

ፍሪጅ ላይ ብዙ ሰው ይከራከራል፣ እኔ ግን እሱንም አውጡት ባይ ነኝ። ሞተሩ ሲነሳ ከተለመደው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ ለሱ ብላችሁ ትልቅ ኢንቨርተር (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ሶኬት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ዕቃ) ትገዛላችሁ። ይልቅ ፍሪዘሩ ውስጥ ባዶ ቦታ ካለ በሃይላንድ ላስቲክ ውሃ ሞልታችሁ አስገቡ (እስከ አፉ አትሙሉት፣ በረዶ ሲሆን ይሰፋል)። አንድ ኪሎ በረዶ ቀልጦ እስኪያልቅ 334 ኪሎጁል ሙቀት ይውጣል፣ ወደ 93 ዋት ሰዓት ማለት ነው፣ አምስት ሊትር ካቀዘቀዛችሁ ከ460 በላይ ዋት ሰዓት ሙቀት የሚውጥ ነገር ያለ ምንም ሽቦ ቤታችሁ ተቀምጧል። በሩ ካልተከፈተ ፍሪጅ ብቻውንም ለ4 ሰዓት ያህል ምግቡን ያቆያል፣ በረዶ ሲጨመርበት ደግሞ ከዛ በላይ ይሄዳል፣ ልጆቹ በየአስር ደቂቃው እየከፈቱ "ምን አለ" ካላሉ በስተቀር።

የውሃ ፓምፕም እንደዛው ነው፣ መብራት ሲኖር ሮቶው ላይ ካወጣችሁት ጉልበቱ ከፍታው ላይ ተቀምጧል። እዚህ ጋ አንድ የማይቀር ጥያቄ አለ፣ "ታዲያ ከሮቶው የሚወርደው ውሃ ትንሽ ተርባይን አዙሮ መብራት አይሰጠኝም?" የሚል። ይሰጣል፣ ሒሳቡ ግን ያስቃል። 1000 ሊትር ውሃ ከ10 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ያለው ጉልበት 27 ዋት ሰዓት ነው፣ ምንም ሳይባክን አንድ የ9 ዋት አምፖል ለ3 ሰዓት አበራ፣ ከዛ ሮቶው ባዶ። ግድብ የሚያዋጣው ውሃው ከመብዛቱ የተነሳ ነው፣ የህዳሴው ግድብ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ የክረምቱን ዝናብ ለበጋ ያስቀምጣል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ያለው የባዝ ካውንቲ ጣቢያ ደሞ ከ1985 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ፍላጎት በሚቀንስበት ሰዓት በተረፈው ኤሌክትሪክ ውሃ ወደ ላይኛው ሐይቅ ይገፋና ሰው መብራት በሚፈልግበት ሰዓት መልሶ ይለቀዋል፣ 3 ሺህ ሜጋ ዋት ያህል ይሰጣል። የእናንተ ሮቶ ለሻወር ይሁን።

2ኛ፦ የቀረውን ደምሩ

ዋቱን በሚሰራበት ሰዓት አባዙት፣ ዋት ሰዓት ይሰጣችኋል። 4 የ9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለ5 ሰዓት 180፣ ራውተር 10 ዋት ለ5 ሰዓት 50፣ ቲቪ 60 ዋት ለ4 ሰዓት 240፣ ላፕቶፕ 50 ዋት ለ3 ሰዓት 150፣ ድምሩ 620። ዋቱ የዕቃው ወይም የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል፣ ቮልትና አምፒር ብቻ ከተጻፈ ሁለቱን አባዙ። ኢንቨርተሩም ራሱ ስለሚበላ ድምሩን ለ0.85 አካፍሉ፣ 730 ይመጣል። ሱቅ ይዛችሁ የምትሄዱት ቁጥር ይሄ ነው።

3ኛ፦ ባትሪውን ምረጡ (እዚህ ጋ አትቸኩሉ)

ገበያ ላይ በዋናነት ሁለት ዓይነት ታገኛላችሁ። አንደኛው የአሲድ ባትሪ ነው፣ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በ1859 (እ.ኤ.አ.) የሰራው፣ መሰረታዊ አሰራሩ እስከዛሬ ያው ነው። ውስጡ አንዱ ፕሌት እርሳስ፣ ሌላው እርሳስ ዳይኦክሳይድ ነው፣ መሃል ላይ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ስትጠቀሙበት አሲዱ ሁለቱንም ፕሌት ወደ እርሳስ ሰልፌት ይቀይራቸዋል፣ ፈሳሹም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል፣ ቻርጅ ስታደርጉት ሰልፌቱ ይፈታና አሲዱ ይመለሳል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው፣ ባትሪው ሳይሞላ ቀናት ከቆየ ሰልፌቱ ይጠነክራል፣ የጠነከረው ደግሞ በቻርጅ አይፈታም፣ "ባትሪው ሞተ" የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

ሁለተኛው ሊቲየም ነው፣ ለቤት የሚሸጠው አብዛኛው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው፣ በኋላ በ2019 ኖቤል ያገኘው ተመራማሪ ጆን ጉድኢናፍ ከቡድኑ ጋር በ1990ዎቹ (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው ማቴሪያል። እዚህ የሚሟሟ ፕሌት የለም፣ የሊቲየም አየኖች ቻርጅ ሲደረግ ግራፋይቱ ውስጥ ይገባሉ፣ ስትጠቀሙ ደግሞ ወደ አይረን ፎስፌቱ ይመለሳሉ፣ መግባትና መውጣት ብቻ ስለሆነ ፕሌቱ ብዙም አይጎዳም፣ ለዛ ነው በሺዎች ለሚቆጠር ዙር የሚያገለግለው። ስልክ ውስጥ ካሉት ኮባልት ካላቸው ሊቲየሞች ይልቅም በሙቀት ቶሎ አይቀጣጠልም። ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል ቦርድ አለው፣ ከመጠን በላይ እንዳይሞላ፣ ጨርሶም እንዳይወርድ የሚቆርጠው እሱ ነው፣ ቢኤምኤስ የሌለው ሊቲየም በነጻ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

አሁን ወደ 730። አሲድ ባትሪን ከግማሽ በታች ማውረድ ዕድሜውን ስለሚያሳጥረው እጥፍ ያስፈልጋችኋል፣ 1460 ዋት ሰዓት ለ12 ቮልት ሲካፈል 122 አምፒር ሰዓት፣ ማለትም የ120 አምፒር ሰዓት ባትሪ ልክ ይመጣል። ሊቲየሙን 90 በመቶ ድረስ መጠቀም ትችላላችሁ፣ 730 ለ0.9፣ ከዛ ለ12.8 ቮልት ሲካፈል 63 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው፣ ገበያ ላይ የሚገኘውን የ100 ብትገዙ ይተርፋችኋል። ጎን ለጎን ሲታይ "120 ከ100 ይበልጣል" የሚለው ሰው የተሸወደው እዚህ ጋ ነው።

የመኪና ባትሪ አይሆንም ወይ ለምትሉ፣ ለጊዜው ይሆናል ግን አይቆይም፣ ፕሌቶቹ ቀጫጭንና ብዙ ናቸው፣ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ከረንት እንዲሰጡ እንጂ ለአምስት ሰዓት ቀስ እያሉ እንዲወርዱ አልተሰሩም። አሲድ ከገዛችሁ ዲፕ ሳይክል የሚባለውን፣ ቀስ እያለ እንዲወርድ የተሰራውን ጠይቁ።

ከሁለቱ የቱ ይሻላል ለሚለው ዋጋ ብቻ አትዩ፣ ሰፈራችሁ ውስጥ መብራት ለስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ብቻም ሳይሆን በመሃል ለስንት ሰዓት እንደሚመጣ አስቡ። አሲድ ባትሪ የመጨረሻዋን ሃያ በመቶ ለመሙላት ብቻውን ሰዓታት ይፈጃል፣ ግማሽ የወረደው የ120ው በ12 አምፒር ቻርጀር ሰባት ስምንት ሰዓት ይፈልጋል። መብራት መጥቶ በሦስት ሰዓት ተመልሶ የሚሄድበት ሰፈር ከሆነ መቼም አይሞላም፣ ሰልፌቱ ይጠነክራል፣ አለቀ። ሊቲየም ግን በግማሽ ቢያድር ግድ የለውም፣ ቶሎም ይሞላል። በሳምንት አንዴ ብቻ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆናችሁ አሲዱ ይበቃችኋል፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ሱቅ ውስጥ የምትሰሩት አንድ ነገር አለ፣ ባትሪውን አንሱት። 12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት የሆነ አሲድ ባትሪ ከ25 እስከ 30 ኪሎ ይመዝናል፣ እርሳስ ቀልድ አያውቅም፣ ላዩ ላይ 100 ተጽፎ 15 ኪሎ ከሆነ ውስጡ የተጻፈው የለም። ሊቲየሙ ደግሞ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስድስት ኪሎ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ።

4ኛ፦ ኢንቨርተር

ባትሪው የሚሰጠው ዲሲ ነው፣ ሶኬታችሁ ደግሞ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ኤሲ፣ ኢንቨርተሩ ይሄን ይቀይራል። ከላይ ያለው ዝርዝር ሁሉም አንድ ላይ ቢበራ 156 ዋት ነው፣ ስለዚህ 600 ዋት ከበቂ በላይ ነው። ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚለውን ግዙ፣ ርካሹ ሞዲፋይድ የሚባለው ለአምፖል ምንም አይልም ግን ፋን ሲሰካበት ይጮሃል፣ አንዳንድ ቻርጀርም ይግልበታል። ቻርጀሩ አብሮት ያለ ከሆነ መብራት ሲጠፋ ራሱ ይቀይራል ሲመጣ ራሱ ይሞላል፣ ግን ሴቲንጉ ላይ የባትሪውን ዓይነት መምረጥ አትርሱ፣ ለአሲድ የተዘጋጀ ቻርጀር ሊቲየም ላይ፣ ወይ የሊቲየሙ አሲድ ላይ ሲውል ባትሪው ነው የሚከፍለው።

5ኛ፦ ገጠማ

ቦታ መጀመሪያ። አሲድ ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ ሃይድሮጅን ያወጣል፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል፣ ስለዚህ ቁምሳጥን ውስጥ፣ አልጋ ስር፣ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ አየር የሚገባው በረንዳ ላይ፣ ዝናብና ፀሐይ የማይነካው ጥግ ጥሩ ነው። ሊቲየሙም ቢሆን መውጫ በር ጋ አይሁን።

ሰው የሚቆጥበው ኬብል ላይ ነው፣ ትልቁ አደጋ ያለውም እዛ ነው። 600 ዋት በ220 ቮልት ሦስት አምፒር አይሞላም፣ በ12 ቮልት ግን ብክነቱን ጨምሮ 60 ይጠጋል። ለሶኬት የሚዘረጋው 2.5 ሚሊሜትር ስኩዌር ሽቦ ይሄን ሲሸከም ላስቲኩ ይቀልጣል። 16 ሚሊሜትር ስኩዌር የመዳብ ኬብል ይሁን፣ ርዝመቱም ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ። ፖዘቲቩ ላይ፣ ባትሪው አፍ ጋ፣ የ80 አምፒር ፊውዝ አድርጉለት፣ ኢንቨርተሩ ጋ ሳይሆን ባትሪው ጋ፣ ምክንያቱም ኬብሉ መሃል ላይ ቢነካካ ፊውዙ መቁረጥ የሚችለው ከእሱ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ፣ ኢንቨርተሩን አጥፉ፣ ፊውዙን ሳታስገቡ ሁሉንም እሰሩ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን በቴስተር አረጋግጡ (ከተገለበጠ ኢንቨርተሩ በዛችው ቅጽበት ነው የሚያልቀው)፣ ፊውዙን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ያኔ ትንሽ ብልጭ ሊል ይችላል፣ የኢንቨርተሩ ካፓሲተር ሲሞላ ነው፣ አትደንግጡ። ከዛ ዕቃዎቹን አብርታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የኬብሉን ጫፎች ላስቲኩ ላይ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ኬብሉ ቀዝቃዛ ሆኖ አንዱ ጫፍ ብቻ ከሞቀ ቡሎኑ አልጠበቀም ማለት ነው፣ አጥፍታችሁ አጥብቁት።

ኢንቨርተሩ ላይ ዲቫይደር ሰክታችሁ ዕቃዎቹን ከሱ ተጠቀሙ። ቤቱ ሙሉ ይብራ ካላችሁ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ ቼንጅ ኦቨር ስዊች (ቤቱን ወይ ከመንገዱ መስመር ወይ ከኢንቨርተሩ እንጂ ከሁለቱም አንድ ላይ የማያገናኝ) አስገጥሙ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ ሶኬት የሆነ ገመድ ሰርቶ ከኢንቨርተር ወደ ግድግዳ የሚሰካ ሰው አለ፣ ይሄን በምንም ዓይነት እንዳታደርጉት። ኤሌክትሪኩ በቆጣሪው በኩል ወደ መንገዱ መስመር ይወጣል፣ መብራት የለም ብሎ ፖል ላይ የወጣውን ሰራተኛ ሊገድል ይችላል፣ መብራቱ በድንገት ሲመጣም ኢንቨርተሩ ይቃጠላል።

6ኛ፦ ከተገጠመ በኋላ

አሲዱ ክዳን ያለው ከሆነ በወር አንዴ ክፈቱት፣ ውሃው ከፕሌቶቹ በታች ከወረደ ዲስቲልድ ውሃ ብቻ ጨምሩ፣ የቧንቧም የሃይላንድም አይሆንም፣ አሲድ ደግሞ በፍጹም አትጨምሩ፣ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ምን ያህል እንደቀረው ለማወቅ ለጥቂት ሰዓት ካረፈ በኋላ በቴስተር ለኩት፣ 12.6 ቮልትና ከዛ በላይ ሙሉ ነው፣ 12.2 ግማሽ ነው። ሊቲየም ላይ ይሄ ዘዴ አይሰራም፣ ቮልቴጁ እስከ መጨረሻው አንድ ቦታ ቆሞ በድንገት ይወርዳል፣ ለሱ የገባና የወጣውን የሚቆጥር ሚትር ወይም የባትሪው አፕ ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት፣ ሥራ በሌላችሁ ቀን፣ ባትሪው ሙሉ ሲሆን የኢንቨርተሩን መግቢያ ራሳችሁ ንቀሉና 156 ዋቱን አብርታችሁ ሰዓት ያዙ። የ100 ሊቲየም ስድስት ሰዓት አካባቢ፣ የ120 አሲድ ደግሞ ግማሽ እስኪደርስ አራት ሰዓት ገደማ ሊሄድ ይገባል። ሊቲየሙ በሦስት ሰዓት ጸጥ ካለ ቡሎኖቹን አንዴ ዳስሱ፣ እነሱ ደህና ከሆኑ ደረሰኙን ይዛችሁ ዋስትናው ሳያልቅ ወደ ሱቁ መልሱት።