ከባቡር ድልድይ የሚወርድ ዝናብ፦ ሮቶው ካልሞላ፣ ውሃው ከጠቆረ፣ ቱቦው ከተላቀቀ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም በለገሃርና በሜክሲኮ አድርገው እስከ ልደታ በአንድ ከፍ ያለ ድልድይ ላይ ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ድልድይ ክረምት ላይ የሚሰበስበው ውሃ ቀላል አይደለም። ይህ ጽሑፍ ያንን ውሃ በቱቦ አውርዶ በሮቶ የሚያጠራቅም አሠራር ሲበላሽ ምን እንደሚደረግ ያሳያል። ወለሉ 9 ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ከምሰሶ ምሰሶ ደግሞ 30 ሜትር ቢሆን፣ የአንዱ ክፍል ስፋት 270 ካሬ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ዝናብ 270 ሊትር ያወርዳል። የሚረጨውና የሚተነው ሲቀነስ 230 ሊትር ያህል ታች ይደርሳል። ከዚህ በታች ያሉት ስሌቶች ሁሉ በዚህ ልክ የተሠሩ ስለሆኑ የራሳችሁን ድልድይ ልክ አስገብታችሁ አስሉ።

ከሁሉ በፊት፦ ድልድዩ ላይ መውጣት የባቡሩ አስተዳደር ሥራ ነው። ከሀዲዱ በላይ ያለው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይዟል። ኃይል ሳይቋረጥና ፈቃድ ሳይሰጥ ማንም አይወጣም፣ ከታች ሆኖ በብረት ዘንግ መውረጃ መጎርጎርም ያው ነው። ውሃው ለአትክልት፣ ለወለል እጥበት፣ ለመጸዳጃ ቤትና ለግንባታ ይሆናል፤ ለመጠጥ ግን አይሆንም፣ ቢፈላም።

ዝናብ እየዘነበ ሮቶው አይሞላም

መጀመሪያ የጎደለው ውሃው ይሁን ዝናቡ ለዩ። ጎኑ ቀጥ ያለ ጣሳ ሜዳ ላይ አስቀምጡ። በ15 ደቂቃ 5 ሚሊ ሜትር ከያዘ ዝናቡ በሰዓት 20 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። በዚህ ልክ ከአንድ ክፍል የሚወርደው ውሃ ባለ 20 ሊትር ባልዲ በ16 ሰከንድ ገደማ መሙላት አለበት። ደቂቃ ከፈጀ መንገድ ላይ የቀረ ውሃ አለ።

የት እንደቀረ ድልድዩ ራሱ ያሳያል። ዝናቡ ሳያባራ ከታች ሆናችሁ ወደ ላይ ተመልከቱ። ውሃው ሁለቱ የድልድይ ክፍሎች ከሚገናኙበት ክፍተት ወይም ከጠርዙ እየተንጠባጠበ ከሆነ የወለሉ መውረጃ ቀዳዳ ተደፍኗል። የሚደፍነውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ንፋስ ያመጣው ፌስታል፣ የርግብ ላባና ኩስ፣ ከሀዲድ ቅባት ጋር የተጋገረ አቧራ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከሆነ ደግሞ ቀዳዳው ለጊዜው ይዘጋና በረዶው ሲቀልጥ ራሱ ይከፈታል፤ እዚያ ላይ ገንዘብ አታጥፉ።

መፍትሄው የባቡሩ የጥገና ቡድን ሌሊት መስመሩ ሲዘጋ ቀዳዳውን እንዲጠርግ ማድረግና ጠፍጣፋውን ወንፊት ከፍ ባለ፣ ጉልላት መሰል ወንፊት መቀየር ነው። ጠፍጣፋን አንድ ፌስታል ይከድነዋል፣ ጉልላቱ ግን በጎኑ ያሳልፋል። ዋናው ጠረጋ ግንቦት መጨረሻ ላይ ይሁን። ክረምት ከገባ በኋላ የሚጠረገው ብዙ ውሃ ከፈሰሰ ወዲያ ነው።

ከላይ ምንም ካልፈሰሰና ታችም ውሃ ከሌለ ቱቦው ውስጥ ነው የታገተው። ቱቦው ምሰሶው ውስጥ የተቀበረ ከሆነ ከታች ባለው መፈተሻ ቀዳዳ በኩል ካሜራ አስገቡ። ከምሰሶው ወገብ ላይ ውሃ ሲወጣ ወይም የዝገት ቀለም ሲወርድ ካያችሁ ግን ይህ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ አይደለም። የውሃ መስመሩን ዝጉና ለድልድዩ መሐንዲስ አሳውቁ።

ውሃው ጠቁሯል፣ ላዩ ላይ የዘይት ቀለም ይታያል

ይህ ከሁሉ የሚበዛው ችግር ነው። ምክንያቱም ከቤት ጣሪያ የተቀዳ አሠራር ድልድይ ላይ መዋሉ ነው። ቤት ላይ የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውሃ ለመጣል አንድ ሜትር ተኩል ባለ 110 (ውፍረቱ 110 ሚሊ ሜትር የሆነ) ቱቦ ቁልቁል ይሰቀላል። ያ ቱቦ የሚይዘው 13 ሊትር ብቻ ነው። ለ270 ካሬ ሜትር ወለል 13 ሊትር ማለት የአንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሃያኛ ነው፤ ወለሉን እንኳ አላረጠበም። የፍሬን ብናኝ፣ የብረት ዝገት፣ ከሽቦውና ሽቦውን ከሚነካው ካርቦን የሚረግፍ ዱቄት፣ የሀዲድ ቅባት፣ ሁሉም ሮቶ ውስጥ ይገባል።

ለባቡር ድልድይ ቢያንስ የመጀመሪያው 1 ሚሊ ሜትር መጣል አለበት፤ ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ ደግሞ 2። ይህም 270 ወይም 540 ሊትር ነው። ስለዚህ ቱቦ ሳይሆን ራሱን የቻለ ባለ 500 ሊትር ሮቶ አስቀምጡ። ውሃው መጀመሪያ ወደዚያ ይገባል፣ ሲሞላ ተንሳፋፊ ኳስ አፉን ይዘጋል፣ ቀጣዩ ወደ ዋናው ሮቶ ይሻገራል። ከትንሹ ሮቶ ግርጌ 5 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይበሳ። ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ከሆነ በ5 እና 6 ሰዓት ውስጥ ባዶ ሆኖ ለሚቀጥለው ዝናብ ይዘጋጃል። ዝናብ እየዘነበ በዚያች ቀዳዳ የሚባክነው ውሃ ከቁጥር አይገባም።

እንዲህ ተሠርቶም ከጠቆረ ሁለት ቦታ እዩ። ቀዳዳዋ በደለል ተደፍና ከሆነ ትንሹ ሮቶ እንደሞላ ይቀመጥና ቀጣዩ ዝናብ ከነቆሻሻው በቀጥታ ዋናው ውስጥ ይገባል። ዝናብ ባቆመ ማግስት ክዳኑን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ማየት በቂ ምርመራ ነው። ሁለተኛው ኳሱ ነው፤ አሸዋ ከንፈሩ ላይ ከተቀመጠ አይገጥምም።

ዘይቱ ብቻ ከቀረ ከዋናው ሮቶ በፊት አንድ ማንሆል ሥሩና መውጫው ላይ ቲ (የ"T" ቅርጽ ያለው የቱቦ መገጣጠሚያ) ግጠሙ። የቲው አንዱ እግር ከውሃው ወለል 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይውረድ። ዘይት ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከሥር ይሄዳል። የተንሳፈፈውን በጨርቅ ወይም በሰጋቱራ ማንሳት አትርሱ፤ ሰጋቱራውም አትክልት ሥር አይጣል።

ቱቦው ከታች ጎሚቶው (መታጠፊያው) ላይ ይላቀቃል

ሰዎች ሙጫውን ይወቅሳሉ። ጥፋቱ የሙጫው አይደለም። ቱቦው ታች ሲደፈን ውሃው እስከ ድልድዩ ወለል ድረስ ይቆማል። ከፍታው 9 ሜትር ከሆነ ባለ 160 ጎሚቶ ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 180 ኪሎ ይጠጋል። ለፍሳሽ የተሠራ ስስ ፒቪሲ ይህን አይችልም፣ እንደገና ቢለጠፍም በሚቀጥለው ዶፍ ይሄዳል።

ቱቦውን ከመሬት 1.2 ሜትር ላይ ቆርጣችሁ ክፍት ሳጥን አስገቡ። ቱቦው ሳጥኑ ላይ ያፈሳል፣ ሳጥኑ ውስጥ 45 ዲግሪ ያዘመመ፣ ቀዳዳው ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ወንፊት ይኖራል። ቅጠልና ሃይላንድ በራሱ ተንሸራቶ ይወድቃል፣ ታች ቢደፈንም ውሃው በሳጥኑ አፍ ይፈሳል እንጂ ወደ ላይ አይቆምም። ለአንድ ክፍል ባለ 160 ቱቦ አስገቡ። ዶፉ በሰዓት 150 ሚሊ ሜትር ሲደርስ በሰከንድ 11 ሊትር ይመጣል፤ ባለ 110 ያን ጊዜ ይጨናነቃል። ማሰሪያው በየ1.5 ሜትሩ ይሁን፣ ምሰሶውን በሚዞር ቀበቶ። ምሰሶውን በድሪል አትብሱ፤ ውስጡ ያለው ብረት የት እንዳለ ከውጭ አይታይም።

የሮቶው የትርፍ ውሃ መውጫም ከመግቢያው አይነስ። ባለ 160 ገብቶ ባለ 50 የሚወጣበት ሮቶ መንገዱን ያጥለቀልቃል።

ነጭ ቅርፊት

ምሰሶው ላይ ወይም ቱቦ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ከኮንክሪቱ የታጠበ ኖራ ነው። ቱቦ ውስጥ ያለውን የሲትሪክ አሲድ ውህድ ያስለቅቀዋል፤ ጠንካራ አሲድ ግን ኮንክሪቱን ስለሚበላ አይሞከር። ምሰሶው ላይ ያለው የክፍተቱ ማሸጊያ ማርጀቱን ይናገራል።

የማስረጊያ ጉድጓዱ ውሃ አይቀበልም

ዴልሂ ሜትሮ ከድልድዮቹ የሚወርደውን ዝናብ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሰርጉ ጉድጓዶች ሠርቷል። እዚያ መሬቱ ወንዝ ያመጣው ደለልና አሸዋ ነው። ያንን እንዳለ ወስዶ ጥቁር መረሬ አፈር ላይ መቆፈር ግን ከንቱ ድካም ነው። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይገጥማል፣ ውሃ አያሳልፍም። ይባስ ብሎ ከምሰሶ መሠረት አጠገብ የሚያብጥ አፈር ማራስ አደጋ ነው።

ቀድሞ መፈተኛው ቀላል ነው፦ 30 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ሙሉት፣ ይስረግ፣ እንደገና ሙሉትና በሰዓት ስንት እንደወረደ ለኩ። ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ማስረጉን ትታችሁ ማጠራቀም ላይ አተኩሩ። አፈሩ ጥሩ ሆኖ ቀድሞ ይሠራ የነበረው ጉድጓድ ካቆመ ግን የላዩ አሸዋ በደለል ተለስኗል። ላዩን 5 ሴንቲ ሜትር ጠርጋችሁ በታጠበ አሸዋ ተኩ። ጠጠሩን ማውጣት አያስፈልግም።

መሬት ውስጥ ያለው የብረት ቧንቧ ብቻ ይበሳል

ከላይ ያለው ደህና ሆኖ የተቀበረው ጋልቫናይዝድ ቧንቧ በጥቂት ዓመት መርፌ የወጋው ከመሰለ ውሃውን አትጠርጥሩ። ባቡሩ የተጠቀመበት ኤሌክትሪክ በሀዲዱ ይመለሳል፣ ጥቂቱ ግን አምልጦ በአፈር ውስጥ ያልፋል። ብረት ካገኘ በብረቱ ይሄድና በሚወጣበት ቦታ ይበላዋል። በአዲስ ብረት መተካት ያው ነው፤ የተቀበረውን ሁሉ በፒቪሲ ወይም በፖሊኢትሊን ቀይሩ፣ በብረት ፓምፑና በመስመሩ መካከልም የፕላስቲክ ቁራጭ ይግባ። ምሰሶው ላይ የታሰረ የምድር ሽቦ ካለ ግን አትንኩት፤ የባቡሩ የኤሌክትሪክ ክፍል ይጠራ።

ሮቶው ጥቅምት ላይ ሙሉ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ ባዶ ነው

የሚያፈስ ነገር ካልተገኘ ይህ ብልሽት አይደለም፣ የስሌት ጉዳይ ነው። አንድ ከባድ ዝናብ፣ 45 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ከአንድ ክፍል ብቻ ባለ 10,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል። በቀን 200 ሊትር ለአትክልት ከተቀዳ ያ ሮቶ 50 ቀን ይቆያል። ተጨማሪ መውረጃ ማገናኘት ይህን አይለውጠውም፣ ክረምቱን የተረፈው ውሃ ቀድሞውንም ፈሷል። ወይ ማጠራቀሚያውን ጨምሩ፣ ወይ ክረምቱን ሙሉ በየቀኑ ውሃ ለሚፈልግ ሥራ፣ ለምሳሌ ለጣቢያ መጸዳጃ ቤትና ለወለል እጥበት፣ አውሉት። በእኛ ግምት ሁለተኛው ይሻላል፤ ያው ሮቶ በአንድ ክረምት ደጋግሞ ይሞላል፣ ደጋግሞ ይቀዳል።