ሾርት ቤዝ ላንድክሩዘርን የየዕለት መኪና ማድረግ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለኝ። ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ፣ ሱቅ እከፍታለሁ፣ ከሰዓት ዕቃ አመላልሳለሁ። አልፎ አልፎ ደግሞ ሽቅብ ወደ ሮብ ገበያ እወጣለሁ። ይህን ሁሉ የማደርገው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1981 በተሠራ ሾርት ቤዝ ላንድክሩዘር ነው። ቢጄ 42 ይባላል፤ 3ቢ የሚሉት 3.4 ሊትር የናፍጣ ሞተር አለው። ሌላ መኪና የለኝም።

ሰው ሲያገኘኝ የሚጠይቀኝ ስለ ጭቃ ነው። የጮቄን ተራራ ይወጣል? ወልካ፣ ማለትም የሚያጣብቀው ጥቁር አፈር፣ ላይ አይያዝም? ይወጣል፤ አንዳንዴም ይያዛል። ለዚያ የተሠራ መኪና ነውና ብዙም አያሳስበኝም። ይልቅ የሚጎዳው ከቤት እስከ ሱቅ ያለችው አጭር አስፋልት ናት። ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠፋል። ማስነሻው ሞተሪኖ በቀን ደጋግሞ ይሠራል፣ ባትሪው ያወጣውን ሳይተካ መኪናው ይቆማል። በባጃጅና በጋሪ መሀል ፍሪሲዮን ስትረግጡ፣ ፍሬን ስትይዙ ትውላላችሁ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ምክር ባብዛኛው የከተማ ምክር ነው።

ስትገዙ

መጀመሪያ ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከመኪናው ላይ አመሳክሩ። እነዚህ መኪኖች ብዙ እጅ አይተዋል። ሞተር የተለወጠላቸው ሞልተዋል። መለወጡ ነውር የለውም፤ ሊብሬው ላይ ካልሰፈረ ግን ስም ስታዞሩ ትንከራተታላችሁ።

ቀጥሎ ቀለሙን እርሱትና ከሥር ግቡ። እኛ አገር ጨዋማ የባሕር አየር የለም። ሻንሲውን የሚበላው ውስጡ ገብቶ የቀረ ጭቃ ነው፤ በበጋ ይደርቃል፣ ክረምት ሲመጣ እንደገና ይርሳል። የኋላውን ጫፍና ባሌስትራው የታሰረበትን ቦታ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርጉ። ደህና ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የበሰበሰው ዱብ ይላል። የበርና የወለል ዝገት ባትላሜራ ይጨርሰዋል። የሻንሲ ዝገት ካገኛችሁ ግን ሻይ ጠጥታችሁ ተሰናበቱ።

ቤንዚን ወይስ ናፍጣ? 4.2 ሊትሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ቤንዚን ድምፁ ደስ ይላል፣ ጠዋትም ቶሎ ይነሣል። የሚጠጣው ነዳጅ ግን የየቀን አይደለም። 3ቢ ሌላም ጥቅም አለው። ያው ሞተር በኋለኞቹ ባለ 70 ላንድክሩዘሮችና በድሮ ዳይና ላይም ስለተገጠመ ዕቃው አይጠፋም። ማርቆስ ያጣችሁትን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ታገኙታላችሁ። አሮጌውን ዕቃ ይዛችሁ ሂዱ እንጂ በስም ብቻ አትጠይቁ።

ዋጋን በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የአሮጌ መኪና ሻጭ ሁሉ አንገቱን አቅንቷል። አትቸኩሉ።

ጠዋት

ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት መሬቱን እዩ። እንዲህ ያለ መኪና ትንሽ ዘይት ማንጠባጠቡ አይቀርም። ቁም ነገሩ የትናንቱን ነጠብጣብ ማወቅ ነው። ቦታው ከተለወጠ ወይም ከሰፋ የሆነ ነገር አለ። ከጎማ ውስጠኛ ጎን የወረደ ፈሳሽ ካያችሁ በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። የዲፈረንሻል ዘይት ወፍራም ነው፣ ሽታውም ይከብዳል፤ የፍሬን ሸራውን ሊያረጥብ ስለሚችል ቶሎ አስዩት። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው። ያን ቀን ልጆቹ በባጃጅ ይሂዱ።

ከዚያ ዘይትና ውሃ አይታችሁ ቁልፉን አዙሩ፤ ግን ወዲያው አታስነሡ። ደብረ ማርቆስ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የኅዳርን ጠዋት የቀመሰው ያውቀዋል። የማሞቂያው ካንዴላ እስኪግል 20፣ 30 ሰከንድ ታገሡ። አንዱ ካንዴላ ከሞተ ሞተሩ እንደተነሣ ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ ጥቂት ቆይቶ ይስተካከላል። "ሲሞቅ ይተወዋል" ብላችሁ አትለፉት። ባትሪና ሞተሪኖ የሚጨርሰው ይኸው ነው።

ከተነሣ በኋላ ቆሞ እንዲሞቅ አትጠብቁ። ናፍጣ ሞተር ቆሞ በቀላሉ አይሞቅም፤ ጎረቤትን በጭስ ማስመረር ብቻ ነው ትርፉ። አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። የዘይት ግፊቱ ከተነሣ ሂዱ፣ እስኪሞቅ ግን ነዳጁን አትርገጡት።

ስለ ቴርሞስታት ከመካኒክ ጋር መጣላት

መኪናዬ ሞቀ ስትሉት ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደውን መዝጊያ፣ አውጥቶ የሚጥል መካኒክ ብዙ ነው። ቆላ ላይ ለሚውል መኪና እንኳ አልስማማም፤ ለማርቆስ ደግሞ ጭራሽ አይሆንም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር እኔ ሱቄ እስክደርስ ለብ አይልም። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጁን አጥርቶ አያቃጥልም። እርጥበቱ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የዘይት መሙያውን ክዳን ስትከፍቱ ነጣ ያለ አረፋ ካያችሁ እርሱ ነው። ከመደንገጣችሁ በፊት የራዲያተሩን ውሃ ተከታተሉ። ውሃው ካልቀነሰና ረዘም ያለ መንገድ ሄዳችሁ ስትመለሱ አረፋው ከጠፋ፣ ጉዳዩ እርጥበት ብቻ ነው። ውሃው ከቀነሰ ግን የቴስታታውን (የሞተሩን ራስ) ጓርኒሲዮን፣ ማሸጊያውን፣ አስመርምሩ።

ስለዚህ በሳምንት አንዴ መኪናውን ከከተማ አውጡት። ወደ አማኑኤልም ሆነ ወደ ሉማሜ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይሂድ። ዘይቱን ይጠርግለታል፣ ባትሪውንም ይሞላዋል። ዘይት ደግሞ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መባሉ ለረጅም መንገድ ተጓዥ ነው። ከተማ ውስጥ እየተነሣ ለሚጠፋ ሞተር በ3,000 ቀይሩለት።

እውነት የሚሞቅ ከሆነስ? ራዲያተሩን ከማስፈታታችሁ በፊት ክዳኑን ለውጡ። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ወለል ላይ ነው፤ ማርቆስ ላይ 92 ገደማ ይፈላል። ቴርሞስታቱ ደግሞ 82 አካባቢ ነው የሚከፍተው። መሀሉ ጠባብ ነው። ክዳኑ ግፊት ሲይዝ የውሃው መፍያ ከፍ ይላል። ላስቲኩ ከደረቀ ግን ደህናው ሞተር ዳገት ላይ ይፈላባችኋል። ክዳን ርካሽ ነው፣ በእጅ ይፈታል። ሞተሩ ትኩስ ሆኖ ግን አትንኩት።

ጥቁር ጭስና "ጉልበት አነሰው"

በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል። አየር በግፊት የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። 90 ገደማ ፈረስ ጉልበት የተባለለት 3ቢ እዚህ 70 ቢሰጣችሁ ነው። ይህን ያልተረዳ ሰው የናፍጣ ፖምፓው ነዳጅ እንዲጨምር ያስከፍተዋል። የጎደለው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም። የተጨመረው ነዳጅ ጥቁር ጭስና ሙቀት ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ ከውስጥ ወደ ውጭ አስነፉት፤ የሮብ ገበያ መንገድ አቧራ ቶሎ ይደፍነዋል። ከዚያ አንድ ማርሽ ዝቅ ብላችሁ መንዳት ልመዱ። ወደ አባይ በረሃ ስትወርዱ ጭሱ ከቀነሰ ሞተሩ አልታመመም።

ናፍጣ ከበርሜል ከቀዳችሁ የነዳጅ ፊልትሮው ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ቶሎ ቶሎ አፍስሱ።

ባትሪ

ከእነዚህ መኪኖች አንዳንዱ 12 ቮልት፣ አንዳንዱ 24 ቮልት ነው። አምፖል ወይም ማሞቂያ ካንዴላ ከመግዛታችሁ በፊት የእናንተን እወቁ። 24 ከሆነ ሁለት ባትሪ በተከታታይ ታስሯል። ቴፕ ወይም የስልክ ቻርጀር ለማሠራት ከአንዱ ባትሪ ብቻ 12 የሚስብላችሁ ኤሌክትሪሺያን ይገጥማችኋል። እምቢ በሉ። አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከመጠን በላይ እየተሞላ ሁለቱም ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ የቮልት መቀነሻ አስገጥሙ። ባትሪዎቹንም አንድ ላይ ለውጡ።

ፍሬንና አባይ በረሃ

ከተማ ውስጥ ፍሪሲዮን ላይ እግር አታሳርፉ፤ ዳገት ላይም መኪናውን በፍሪሲዮን ይዛችሁ አትቁሙ፤ የእጅ ፍሬን ለዚያ ነው። ከፊት ላለው ባጃጅ ርቀት ተዉለት፤ እርሱ በአንድ ርምጃ ሲቆም እናንተ አትቆሙም።

ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን የሚያወርደው መንገድ ግን ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ያንኑ ያህል ትወጣላችሁ። የፍሬን ሸራ በታምቡር ውስጥ ሲግል መያዝ ያቆማል። ፔዳሉ እግራችሁ ሥር ጠንካራ እንደሆነ ነው፣ መኪናው ግን አይቆምም። በከባድ ማርሽ ውረዱ፤ ማርሹንም ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት አስገቡ። ፍሬን አሥራችሁ አትጎተቱ። ፍጥነቱን ጠንከር አድርጋችሁ ቀንሱና ልቀቁት፣ ይቀዝቅዝ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ፤ ውሃ ግን አትድፉበት፣ ታምቡሩ ይሰነጠቃል። ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባ ቢያደነቁራችሁ አሳልፉት።

ስትወጡ የሙቀቱን መርፌ እያያችሁ ውጡ። ከፍ ማለት ከጀመረ የቤቱን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት። በዚያ ሙቀት ቅጣት ነው፤ ሞተሩን ግን ያግዘዋል። እኔ በጠዋት ካልሆነ አባይን አልሻገርም። ማታ ደግሞ ከከተማም አልወጣም፤ የዚህ መኪና የፊት መብራት አህያን ከመንገድ ለይቶ አያሳይም።

ጎማና ፎር ዊል

ባለ 7.50-16 ጎማ ለአይሱዙም የሚሆን ስለሆነ የትም ይገኛል፤ ከመነዳሪውም እንዲሁ። ችግሩ ጎሚስታው ነው፤ በአይሱዙ ልማዱ ድንጋይ አድርጎ ይሞላላችኋል። መኪናው ባዶ ሆኖ 30 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃዋል፣ ስትጭኑ የኋላውን ጨምሩ። ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ የሚያውቅ ሰው ብቻ ይፍታው፤ ሲሞላም ፊት ለፊቱ አትቁሙ። ቀለበቱ ቢፈናጠር ሰው ይገድላል።

ፎር ዊል በደረቅ አስፋልት ላይ አታስገቡ፤ ፊትና ኋላው እየተጋተሩ ማርሹን ይጎዱታል። ዝናብ ሲጥል ግን ወልካው ከመድረሱ በፊት ቆማችሁ የፊት ጎማዎቹን መቆለፊያ አዙሩ። ጭቃው ውስጥ ገብታችሁ ወርዶ መቆለፍ ጫማ ያስከፍላል። በበጋም ቢሆን በወር አንዴ ኮረኮንች ላይ አስገብታችሁ ጥቂት ኪሎ ሜትር ንዱ፤ ዘይቱ ላይ ታቹን ያዳርሳል። ክሪክ ስትይዙ ሰፊ ጣውላ አብራችሁ ያዙ። ያለ ጣውላ ወልካ ላይ ወደ ላይ የሚሄደው መኪናው አይደለም፣ ወደ ታች ክሪኩ ነው።

ሰው ሲጠይቃችሁ

ማርቆስ ውስጥ ላንድክሩዘር ካላችሁ የሰፈሩ ናችሁ። የጥር ሰርግ፣ የለቅሶ ድንኳን፣ የታመመች እናት፣ የዘመድ ድንች። የታመመ ሰው ከሆነ ሌሊትም ተነሡ። ለጭነት ግን ልክ አብጁለት። የኋላ ወንበሮቹ ፊት ለፊት የተያዩ አግዳሚዎች ናቸው፣ ቀበቶ የላቸውም። እዚያ ላይ ሰው፣ ከመሀል ጆንያ፣ ከላይ በግ ሲደረብ ባሌስትራው ይችለው ይሆናል፤ ፍሬኑ አይችለውም። "እትዬ አንድ ሰው ብቻ" ሲሉኝ መቀመጫውን አሳያለሁ።

ከመስቀል በኋላ

ዋናውን ጥገና መስከረም መጨረሻ ላይ አድርጉት። ክረምቱ ያስገባውን ጭቃ ላቫጆ ውስጥ ከሥር በደንብ አስጠርጉ፤ የሻንሲውን ቀዳዳዎች አትርሱ። ከዚያ ባሌስትራውና ክሮቸራው ሁሉ ግራሶ ይጠጣ፤ አሮጌው ተገፍቶ አዲሱ እስኪወጣ። አራቱንም ታምቡር አስፈቱና ሸራውን እዩ፤ ውስጡ አፈር ታገኛላችሁ። የዲፈረንሻሉንና የካምቢዮውን ዘይት ጠብታ አውጥታችሁ ተመልከቱ፤ ነጭ ከሆነ ወንዝ ስትሻገሩ ውሃ ገብቷልና ይለወጥ። ዓመታዊ ምርመራውንና ቦሎውንም ከዚህ በኋላ ብታደርጉት መኪናው ንጹሕ ሆኖ ይቀርባል።