ካሜራው የማያሳየው ቃጠሎ፦ በማህፀን ካንሰር ላፓሮስኮፒ የምንሠራቸው ስህተቶች

ባለፈው ሳምንት ደሴ ውስጥ፣ በላፓሮስኮፒ (በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ ሆድ ውስጥ አስገብተን በምንሠራው ኦፕሬሽን) ላይ፣ አንድ ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥን ሐኪም) የካውተሪውን ሁክ (በኤሌክትሪክ የሚቆርጠውን መንጠቆ) ከትሪው አንስቶ ወደ ትሮካሩ (መሣሪያ ወደ ሆድ ወደሚገባበት ቱቦ) ሊያስገባ ሲል እጁን ያዝኩት። ዘንጉን አላየውም። ይህን ሳይ ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ብርሃን ሥር አዙረን ስናየው ከጫፉ አራት ጣት ከፍ ብሎ ሽፋኑ ተሰንጥቋል።

የካውተሪ ዘንግ በፕላስቲክ የሚሸፈነው ኤሌክትሪኩ ከጫፉ ሌላ መውጫ እንዳያገኝ ነው። በተደጋጋሚ ሲታጠብና ሲመክን ሽፋኑ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር ሲቀጥን ደግሞ ይብሳል፤ ኤሌክትሪኩ በጠባቡ ቦታ ተሰብስቦ ይወጣልና። ካሜራው የሚያሳየን ጫፉን ብቻ ነው። ዓይናችን ማህፀኑ ላይ ሳለ ወደ ላይ ያለው አንጀት ሊቃጠል ይችላል።

የታከሙት እናት በማግስቱ ተነስተው ይሄዳሉ። "አብሽሩ እማማ" ብለን እንሸኛቸዋለን። የተቃጠለው አንጀት ግን ብዙ ጊዜ የሚበሳው ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ እሳቸው ደላንታ ገብተዋል። ሆዳቸው ተነፍቶ፣ ትኩሳት ይዟቸው፣ መኪና ተፈልጎ ደሴ እስኪደርሱ የሚያልፈው ሰዓት ሕይወት ነው።

ስለዚህ ከእያንዳንዱ ኦፕሬሽን በፊት ዘንጉን ከጫፍ እስከ እጀታ እዩት። የሽፋን መፈተሻ መሣሪያ ካላችሁ ፈትኑበት። የተሰነጠቀውን በፕላስተር ጠቅልሎ መጠቀም ፈጽሞ አይሆንም። "ሌላ የለንም" የሚሉኝ አሉ። ከሌለ ሆድ ከፍታችሁ ሥሩ።

ይህን የምለው ላፓሮስኮፒን ጠልቼ አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ 760 ሴቶች የተሳተፉበት የሌስ (LACE) ጥናት ገና ባልተሰራጨ የማህፀን ካንሰር ላይ ውጤቱ ሆድ ተከፍቶ ከሚሠራው እንደማያንስ አሳይቷል። ለእናቶቻችን የምመኘውም ላፓሮስኮፒን ነው።

ካውተሪው አልቆርጥ ሲል የኃይል ቁጥሩን አትጨምሩ። መጀመሪያ ገመዱንና ታካሚዋ ላይ የተለጠፈውን፣ ኤሌክትሪኩ ከሰውነቷ የሚመለስበትን ፓድ እዩ። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ሲነሳም ቁጥሩን እንደገና አረጋግጡ።

በአልትራሳውንድ የሚሠራው መቁረጫ ፔዳሉን ከለቀቃችሁም በኋላ ጫፉ ትኩስ ነው። እኔ በጀማሪነቴ ወዲያው ቲሹ ያዝኩበት። የያዝኩት ቦታ ነጣ። ዩሬተሩ (ሽንት ከኩላሊት ወደ ፊኛ የሚያወርደው ቱቦ) እዚያው አጠገብ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ማህፀኑ ትልቅ ሆኖ በብልት በኩል አልወጣ ሲል ሆድ ውስጥ ቆራርጦ ማውጣት ካንሰሩን መበተን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ ማህፀን መቆራረጫው ማሽን ያስጠነቀቀው ለማዮማ (ካንሰር ላልሆነ የማህፀን እጢ) ተብሎ ሲሠራ እንኳ ያልታወቀ ካንሰር ሊበትን ስለሚችል ነው። ካንሰሩን እያወቅን ምን ምክንያት ይኖረናል? ሆዱን በትንሹ ከፍታችሁ ማህፀኑን ሙሉውን አውጡት። ካረጠች በኋላ ደም የፈሰሳትን ሴት ደግሞ ባዮፕሲ (ለምርመራ የሚሆን ናሙና) ሳትወስዱ ማህፀን ለማውጣት አትቸኩሉ።

ማህፀኑን ከታች የሚያንቀሳቅሰውን መሣሪያ የያዘ ረዳት በኃይል አይግፋ። ማህፀኑ ይበሳል።

በደሴ ብርድ ሌንሱ ጉም ይለብሳል፤ ሙቅ ውሃ አዘጋጁ። የበራ የካሜራ መብራት ጨርቅ ላይ አታስቀምጡ፤ ጨርቁን አልፎ ቆዳ ያቃጥላል።

ስትሸኙ ለታካሚዋ ብቻ ሳይሆን ለሚያስታምማት ልጅም ንገሩ፦ ሕመሙ እየቀነሰ በመሄድ ፈንታ ከጨመረ፣ ካስመለሳት፣ ካተኮሳት በዚያው ቀን ይመለሱ። ስልካቸውን ያዙና በሦስተኛው ቀን ደውሉ።