«ቾክ» ያመጣው ጣጣ

ኢስታንቡል ውስጥ አንድ ቱርካዊ ጎረቤቴን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ልጁ ጎበዝ ነው፤ ብዛትና መጠን ላይ ሲደርስ ግን ለሚቆጠረው የሚሆነውን «ሜኒ»ን ለማይቆጠረው ከሚሆነው «ማች» ጋር እያቀያየረ፣ ብዙ ጓደኞች ለማለት «ማች ፍሬንድስ»፣ ብዙ ውሃ ለማለት «ሜኒ ዋተር» ይለኛል። መጀመሪያ የሚቆጠሩና የማይቆጠሩ ስሞችን ዝርዝር አስሸመደድኩት። ምንም አልረዳውም። «መኒ» (ገንዘብ) አይቆጠርም ስለውማ ሳቀብኝ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በቱርክኛ እንዴት እንደሚለው ስጠይቀው ነው። «ቾክ» የምትለው አንዲት ቃል ሜኒንም፣ ማችንም፣ ቬሪንም (በጣም) ትሸፍናለች። የእኛም «ብዙ» ለሰውም ለውሃም ያው አይደል? ስለዚህ ዝርዝሩን ትቼ ከስሙ ፊት 3 ቁጥርን እንዲያስገባ ነገርኩት። ሦስት ጓደኛ ያስኬዳል፤ ሜኒ ነው። ውሃ ብርጭቆ ይፈልጋል፤ ማች ነው። ገንዘብም እንደዚያው፦ የሚቆጠረው ሊራው ነው እንጂ መኒው አይደለም።

የባሰው «ፊው» (ጥቂት ብቻ፣ ከሞላ ጎደል የለም) እና «ኤ ፊው» (ጥቂት አለ) ነበር። ጥቂት ጓደኞች አሉኝ ለማለት «አይ ሃቭ ፊው ፍሬንድስ» ብሎ ብቸኛ መስሎ አረፈው። መፍትሔው እዚያው ቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል። «አዝ» ማነሱን ያጎላል፤ ሊትል ወይም ፊው ነው። «ቢር» ማለት አንድ ነው፣ እንደ እንግሊዝኛው «ኤ»ም ያገለግላል። «ቢር» እና «አዝ» ሲገጥሙ «ቢራዝ»፦ ኤ ሊትል! ለሚቆጠረው ደግሞ «ቢርካች»፦ ኤ ፊው። ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታው።

«ቱ ቡክስ» በማለት ፈንታ «ቱ ቡክ» ማለቱን ግን አሁንም አልተወም። ቱርክኛው «ኢኪ ኪታፕ» ስለሚል ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር ትርፍ ይመስለዋል፤ «ሁለት መጽሐፍ» እያልኩ ያደግሁት እኔም አልፈርድበትም።