የሆድ ደም ቧንቧ በመጥበቡ ግፊት ለጨመረበት ቤተሰብ፦ ሕክምናውን ከውጭ ሆኖ መከታተል

«ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል፣ ቶሎ ገንዘብ ላክ» የሚል ስልክ ከቤተሰብ ሲደወል ልባችን ደንግጦ መጀመሪያ የምናስበው ገንዘቡን ነው። ከገንዘቡ በፊት ግን ምስሉ ይምጣ። ፊልሙን መስኮት ላይ አስደግፈው በስልክ ያነሱት ፎቶ ለዚህ ውሳኔ አይበቃም፤ የሲቲ አንጂዮግራፊው (የደም ቧንቧዎችን የሚያሳየው የሲቲ ምርመራ) ሙሉ ፋይል በሲዲ ወይም በፍላሽ ተገልብጦ ይላክላችሁ፤ ጥበቱ የት ላይ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደሚረዝምና ሌሎች ቅርንጫፎችም ተነክተው እንደሆነ ሁለተኛው ሐኪም የሚያየው ከዚያ ነውና።

ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደም ወሳጅ ቧንቧ ሲጠብ ለኩላሊቱ የሚደርሰው ደም ስለሚያንስ ሬኒን የተባለውን ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የደም ሥሮችን አጥብቦ፣ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ እንዲቀር አድርጎ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። ኢናላፕሪልና መሰል የግፊት መድኃኒቶች ከተጀመሩ በኋላ ክሬቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው የደም ምርመራ ልኬት) በጉልህ ከጨመረ ይህ ራሱ የጥበቱ ጠቋሚ ምልክት ስለሆነ፣ የቀድሞውንም የአሁኑንም የደም ምርመራ ውጤት ጠይቁ።

ዋናው ጥያቄ ቧንቧው ለምን ጠበበ የሚለው ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዘው በአብዛኛው በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚጋገር ስብ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመውና 947 ሰዎች የተሳተፉበት ኮራል የተባለው ጥናት፣ በመድኃኒት ላይ ስቴንት (ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) መጨመሩ ለእነዚህ ታካሚዎች ተጨማሪ ጥቅም እንዳላስገኘ አሳይቷል። ስለዚህ ለአባታችሁ ወይም ለእናታችሁ ስቴንት ሲታዘዝ ምክንያቱን በትሕትና ግን በግልጽ ጠይቁ። በወጣት ሴቶች ላይ የሚታየው የቧንቧ ግድግዳ መዛባት ብዙውን ጊዜ በባሉን (ቧንቧው ውስጥ ተነፍቶ በሚያሰፋው ፊኛ) ብቻ ይስተካከላል። ቀዶ ሕክምናው ይበልጥ የሚያስፈልገው አኦርታው (ከልብ የሚወጣው ዋናው ደም ወሳጅ ቧንቧ) ራሱ ሆድ ውስጥ ሲጠብ ወይም ባሉን ሳይሠራ ሲቀር ነው፤ ያን ጊዜ ከእግር በተወሰደ ደም መላሽ ወይም በሰው ሠራሽ ቱቦ ጥበቱን አልፎ ደም የሚሄድበት መንገድ ይሠራል። መንስኤው የታካያሱ በሽታ (የትልልቅ ደም ወሳጅ ቧንቧዎች ግድግዳ ብግነት) ከሆነ፣ አጣዳፊ ነገር ከሌለ በቀር፣ ብግነቱ እስኪበርድ መጠበቅ ይመረጣል።

በቤት የሚለካው ግፊት ከሁለቱም ክንዶች ተወስዶ በደብተር ይመዝገብ፤ በታካያሱ የአንዱ ክንድ ቧንቧም ሊጠብ ስለሚችል ያ ክንድ ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ያሳያል፣ ቤተሰብም በከንቱ ይረጋጋል። የእግሩን ደግሞ ሐኪሙ ይለካ፤ አኦርታው ከጠበበ ከክንዱ ያንሳልና።

ገንዘብ ስትመድቡ ከቀዶው በኋላ ያለውን አትርሱ፤ የተሠራው መንገድ እንደገና ሊጠብ ስለሚችል የዶፕለር (የደም ፍሰትን የሚያሳየው አልትራሳውንድ) ክትትሉ ለዓመታት ይቀጥላል፣ የግፊት መድኃኒቱም ሐኪሙ ቀንሱ እስኪል ድረስ አይቋረጥም።