ወደ ግሽ ዓባይ በእግር፦ ማደሪያና ስንቅ

ለጥር 13 የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓል ወደ ግሽ ዓባይ በእግር የሚሄድ ሰው ዕቅዱን ከመጨረሻው ማታ ይጀምር። ጸበሉ የሚቀረበው እህል ሳይቀመስ ነውና በዋዜማው ከተማው መግባት አለበት። በዕለቱ እደርሳለሁ ብሎ ከሩቅ የሚነሳ አቀበቱ ላይ ይዝላል፤ ወይም መንገድ ላይ ቀምሶ ጸበሉ ይቀርበታል።

ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠሩ የየማታውን ማደሪያ ይመድቡ። ከደብረ ማርቆስ ለሚነሳ ዋናው መንገድ በአማኑኤል፣ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ ቲሊሊ ይደርሳል፤ ከቲሊሊ ግሽ ዓባይ ወዳለችበት ወደ ሰከላ ይታጠፋል። ሸክም ላለው ሰው በቀን ከ20 እስከ 25 ኪሎ ሜትር ይበቃል። ለየ600 ሜትሩ አቀበት አንድ ሰዓት ይጨምሩ። ከሞጣ በኩል የጮቄን ተራራ የሚያቋርጡ ድጓ ጽዮን አድረው ጫፉን በጠዋት ይለፉት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ የጥር ውርጩም ክፉ ነው። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከጠናብዎ ሳያድሩ ይውረዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከመነሳትዎ በፊት በዚያው ካለ ሰው ይጠይቁ፤ መታወቂያም ይያዙ።

ማደሪያ የሚለመነው በብርሃን ነው። 10 ሰዓት ላይ ጉዞውን ያቁሙ፤ ጨለማ ውስጥ የመጣን እንግዳ ደግ ሰውም ይፈራዋል። ከአጥሩ ውጭ ቆመው «ቤቶች! ቤት ለእንግዳ!» ይበሉ፤ ውሻው ሳይያዝ ደጃፉን አይለፉ። «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ከተባለ ገብተዋል። ገንዘብ መስጠት አሳዳሪውን ሊያስከፋ ይችላል፤ ቡና ወይም ስኳር ለባለቤቲቱ ቢሰጡ ይሻላል። ደብር ውስጥ ለማደር ቄሰ ገበዙን ያነጋግሩ። የከተራ ማታ ግን ካህናቱ ታቦቱን አጅበው ጥምቀተ ባሕር ያድራሉ፤ ያን ሌሊት እዚያው ከሕዝቡ ጋር ማደር ከሁሉ ይበልጣል። መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ቁንጫ እንዳይፈጀው ከሥር የሚያነጥፈው ላስቲክ ይያዝ፤ ለብርዱም ጋቢ ብቻውን አይበቃም፣ ብርድ ልብስ ይጨመርበት።

ለአንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ በሶና ሩብ ኪሎ ቆሎ ይያዙ። በሶውን በቅቤ አሽተው አይነሱ፤ ለረቡዕ፣ ለዓርብና ለገሃድ (ለጥምቀት ዋዜማ ጾም) አይሆንም። ደረቁን ከጨው ጋር ይዘው በሚበሉበት ሰዓት በውሃ ይበጥብጡ፤ አስቀድሞ የተበጠበጠ ይኮመጥጣል። የምንጭ ውሃ ይፈላ፣ ወይም ውሃ አጋር ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው መጠን ተጨምሮበት 30 ደቂቃ ይቆይ።

ብዙ ሰው ከመንገድ የሚመልሰው እግር ነው። አዲስ ጫማ አድርገው አይነሱ፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይላመዱት። እግርዎ ሲያቃጥልዎ ወዲያው ቆመው ካልሲውን ይቀይሩ፣ የሚፋተገውንም ቦታ በፕላስተር ይሸፍኑ። ውሃ ከቋጠረ በተቀቀለ መርፌ ከጠርዙ በስተው ያፍስሱት፤ ቆዳውን ግን አይላጡት፣ ከተላጠ ያመረቅዛል።